ዋይፋዩን ከሳሎን ወደ ዶሮ ቤት ማድረስ

ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ሳሎን ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ጓሮ ያለው ዶሮ ቤት ግን አይደርስም። ፓኬጁን ላሳድገው?»

አታሳድጉት። ወርሃዊ ክፍያችሁ ይጨምራል እንጂ ዶሮ ቤቱ ምንም አያገኝም። እኛ አካባቢ ጓሮ የሚሠራው ቤት ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ የዋይፋይን ሞገድ ወደመጣበት ይመልሳል። ለነፋስ የተተወው ክፍት ቦታም በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጣት በማታስገባ የወንፊት ቀዳዳ ሾልኮ ማለፍ ይቸግረዋል። ለዚህ ነው «ቡስተር» ገዝታችሁ ሳሎን ብትሰኩ ለውጥ የማታዩት። ኢንተርኔቱን ቆርቆሮው ውስጥ የሚያስገባው ኬብል ነው።

አጎቴ አዋሽ መልካሳ ዶሮ ያረባሉ። ጋሼ የፈለጉት ጫጩቶቹን ሌሊት በስልካቸው ማየት ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው አምፖል አብሮ ይጠፋል፤ የበረዳቸው ጫጩቶች ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ። ቶሎ የደረሰ ሰው ያተርፋቸዋል፣ የዘገየ ጠዋት የሞቱትን ይለቅማል። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት አይደለም።

መጀመሪያ ርቀቱን በሜትር ለካነው። የኔትወርክ ኬብል በደንቡ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የጋሼ ጓሮ ከዚያ በታች ስለነበር ቦይ አስቆፍረን ኬብሉን በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ቀበርነው። ስትገዙ የውጭ የሚባለውን፣ ጥቁር ልባስ ያለውን ጠይቁ፤ የቤት ውስጡ የስምጥ ሸለቆን ፀሐይ አይችልም። ከዚያ ጫፉን ላጡና ሽቦውን በቢላ ፋቁት። ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ለረጅም መስመር አይሆንምና መልሱት። በሌላው ጫፍ አሮጌ ራውተር ይበቃል፦ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውን ከዋናው ራውተር የተለየ አድርጉ፣ ኬብሉን ላን በሚለው ቀዳዳ ሰኩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ዶሮ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ ካለው ወይም ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ከሆነ በሁለቱ ቤቶች መካከል መዳብ አትዘርጉ። በክረምት መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ መዳቡ ኃይሉን ይዞ ይገባና ሁለቱንም ራውተሮች ያቃጥላል። ፋይበር ዘርጉ። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በየጫፉ አንድ አንድ ሚዲያ ኮንቨርተር ይፈልጋል፣ ከ100 ሜትር በላይ ለሆነ ርቀትም ይሠራል።

መቆፈር የማይቻልበት ቦታ አለ፤ መሃል ላይ መስኖ፣ የጎረቤት ማሳ ወይም መንገድ ያለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ እንደ ቲፒ ሊንክ ሲፒኢ510 ያሉ ሁለት የውጭ አንቴናዎች ፊት ለፊት ይተከላሉ። እነዚህ ለኪሎ ሜትሮች የተሠሩ ስለሆኑ ለማሳ ርቀት ይተርፋሉ፤ የሚፈልጉት መተያየትን ነው። በመካከላቸው ማንጎ ወይም ግራር ካለ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ዝናብ የጠገበ ቅጠል 5 ጊጋኸርዝን ይውጣል።

ነፋሱንም አስቡበት። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የተባሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ያው ነፋስ ቀጭን ምሰሶ ላይ የታሰረን አንቴና ፊቱን ያዞረዋል። ባለ 2 ኢንች ቧንቧ በኮንክሪት ትከሉ፣ ግራውንድም አድርጉት።

በመጨረሻ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ካሜራ ከፈለጋችሁ ሚኒ ዩፒኤስ በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል። ሳሎን ያለው ራውተር በርቶ የጓሮው ከጠፋ፣ ጫጩቶቹን ማየት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት አታዩአቸውም።

መሬቱ ሳይጨቀይ፣ ከሰኔ በፊት ቆፍሩ። አፈሩን ከመመለሳችሁ በፊትም ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ነገ የውሃ መስመር ለሚቆፍር ሰው ታሳዩታላችሁ።