ሙቀት የማያናውጠው ቁና



አንድ የእህል ነጋዴ ጧት የሚሰፍርበት ቁና ቀትር ላይ ጠብቦ፤ ማታ ደግሞ ሰፍቶ ቢገኝ፤ ሻጭና ሸማች ዳኛ ፊት መቆማቸው አይቀርም። ስለ ቁና ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በኪሳችሁ ባለው የእጅ ስልክ፤ በሐኪም ቤት በሚገኘው ቁጥር አሳይ ቴርሞሜትር፤ በቤታችሁም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የኤሌክትሮኒክ መብራት ቆጣሪ ውስጥ እንዲሁ አንድ ቁና አለ፤ እርሱም የቮልቴጅ መስፈሪያ ነው።

ድምፅም፤ ሙቀትም፤ ብርሃንም እንደ ወንዝ ሳይቋረጡ ከፍና ዝቅ እያሉ የሚፈሱ ነገሮች ናቸው። ይህን ፍሰት እንደ መጣ የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሥራ አናሎግ ይባላል። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ግን ቁጥርን ብቻ ስለ ሆነ፤ በሁለቱ መካከል ወንዙን ሰፍሮ ቁጥር የሚያደርግ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚውም የመጣው ቮልቴጅ የመስፈሪያው ስንት እጅ እንደ ሆነ ይለካል። እንግዲህ መስፈሪያው ከመቶ አንድ ቢሳሳት፤ ንባቡ ሁሉ ከመቶ አንድ ይሳሳታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱ አለመታየቱ ነው፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባልና፤ የመብራት ሒሳብ ከፋዩም ተቀባዩም አምነውት ይለያያሉ።

ታዲያ ይህን መስፈሪያ በአንድ ቅንጣት ሲሊኮን ላይ መሥራት ለብዙ ጊዜ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ብዙ ክፍሎች በአንድነት በሚሠሩበት ቺፕ ላይ፤ ኮረንቲ የሚገድበው ሬዚስተር ከታሰበለት መጠን ከመቶ ሃያ እጅ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ጎን ለጎን የተሠሩት ሁለቱ፤ ስሕተታቸው እንኳ ሳይቀር እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ባለሞያ ሴት ነገሩን ወዲያው ትረዳዋለች፤ የዛሬው እንጀራ ከትናንቱ ይወፍር ወይም ይሣሣ ይሆናል፤ ከአንድ ሊጥ ተከታትለው ከአንድ ምጣድ የወጡት ሁለቱ ግን አይለያዩም።

ይህን ድካም ወደ ብርታት ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው ሮበርት ዊድለር የተባለ አሜሪካዊ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በክሊቭላንድ ከተማ ተወልዶ፤ በ1963 በካሊፎርኒያ ፌርቻይልድ ወደሚባለው ኩባንያ ገባ። በዚያም ዴቪድ ታልበርት ከተባለው የአሠራር መሐንዲስ ጋር ሆኖ በ1964 እና በ1965 ሁለት ስመ ጥር የምልክት ማጉያ ቺፖችን አወጣ። የዊድለር ዘዴ በአጭሩ ሲነገር፤ ትክክለኛ መጠን ያለው ክፍል ከመፈለግ ይልቅ ሁሉንም በመንትያ ክፍሎች ንጽጽር ላይ ማቆም ነው። (ሰውየው ጸባዩ አስቸጋሪ ነበር፤ በኋላ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ሣር ለማጨድ ወጪ ቢቈጠብ፤ በመኪናው በግ ጭኖ አምጥቶ በግቢው እንዳሰማራ ይተረክለታል።)

አሁን ወደ ቁናው እንመለስ። በትራንዚስተር መገጣጠሚያ ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ ወደ 0.65 ገደማ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። በአርባ ዲግሪ ልዩነት 80 ሚሊቮልት ሊጠፋ ነው ማለት ነው፤ በዚህ የሚሰፍር ቢኖር ከደንበኛው ጋር አይስማማም። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ዜነር የተባለው ዳዮድ ደግሞ ከ6 ቮልት የማያንስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለሚሠራ መሣሪያ አይስማማም።

መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከሚያስቸግረው ትራንዚስተር ነው። ሁለት መንትያ ትራንዚስተሮች ወስደን በአንደኛው ውስጥ የሌላውን አሥር እጥፍ ኮረንቲ ብናሳልፍ፤ በሁለቱ ቮልቴጆች መካከል ያለው ልዩነት በክፍል ሙቀት 60 ሚሊቮልት ያህል ይሆናል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ልዩነት ሙቀት ሲጨምር አይቀንስም፤ በዲግሪ 0.2 ሚሊቮልት ይጨምራል እንጂ። እንግዲህ ልዩነቱን በአሥር ብናበዛው በዲግሪ 2 ሚሊቮልት የሚጨምር ነገር አገኘን፤ ከሚቀንሰው ጋር ስንደምረው አንዱ የወሰደውን ሌላው ይተካል፤ ድምሩም ወደ 1.2 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጸናል። የሚያበዛውም የሁለት ሬዚስተሮች ንጽጽር ስለ ሆነ፤ ሁለቱም አብረው ቢሳሳቱ ሥራውን አይጎዱትም። ይህን 1.2 ቮልት ደግሞ ሰው አልመረጠውም፤ ከሲሊኮኑ ከራሱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው።

የሐሳቡን መሠረት በ1964 ያሳየው የፌርቻይልዱ ዴቪድ ሂልቢበር ሲሆን፤ በአንድ ቺፕ ላይ ለሥራ ያበቃው ግን ዊድለር ነው። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር በሚባለው ኩባንያ ሳለ፤ ሦስት እግር ብቻ ባለው የ5 ቮልት መቆጣጠሪያ ውስጥ አስገባው፤ አሠራሩንም በ1971 በታተመ ጽሑፍ ገለጸው። በ1974 ደግሞ አናሎግ ዲቫይስስ በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፖል ብሮኮ በይበልጥ የቀለለ አደራደር አሳተመ፤ እርሱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዊድለር በ1991 በሜክሲኮ ሳለ በ53 ዓመቱ ሞተ።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ፍጹም አይደለም። የትራንዚስተሩ ቮልቴጅ ሲቀንስ በቀጥታ መስመር ሳይሆን በጥቂቱ እየጎበጠ ስለ ሆነ፤ ከብርድ እስከ ሙቀት ጥቂት ሚሊቮልት የሚደርስ ጉብጠት ይቀራል። ለተራ መሣሪያ ይህ አያስጨንቅም፤ ጥብቅ ልኬት ለሚሠሩት ግን መሐንዲሶች ጉብጠቱን የሚያቀና ተጨማሪ ክፍል ያክሉበታል፤ ቺፑም ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ በሌዘር እየጠረቡ የሚያስተካክሉበት ጊዜ አለ።