ማርና ጠጅ በባሌ ደጋ

በአማርኛ «ጠጅ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር ከማር የሚጣለውን መጠጥ ያመለክታል፤ ከወይን ፍሬ የሚገኘው ግን «የወይን ጠጅ» ተብሎ በቅጽል ይለያል። ስለዚህ በቋንቋው ዘንድ ዋናው የማሩ ነው፥ የወይኑ ተከታይ። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የማሩን ጠጅ በጽሑፉ አንሥቶታል።

የነጭ ወይን ጠጅ ጣዕም በመጀመሪያ የሚመጣው ከወይኑ ዘር ነው። በዝዋይ አካባቢ የሚበቅለውና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ የቀረበው ሻርዶኔ የትውልድ አገሩ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ሲሆን፥ የፒኖና የጉዌ ብላን ዲቃላ መሆኑ በ1999 እ.ኤ.አ. በዘር ምርመራ ታውቋል። የጠጅ «ዘር» ግን አበባ ነው። ንቢቱ የቀሰመችው አበባ ሲለወጥ ማሩ ይለወጣል፥ ማሩ ሲለወጥም ጠጁ።

ይህን ለመረዳት ከባሌ የተሻለ ስፍራ ጥቂት ነው። ከጎባ ወጥቶ የሰነቴን አምባ የተሻገረ መንገደኛ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ሲወርድ በመጀመሪያ አስታንና ኮሶን፥ ቀጥሎም ቀርከሃን፥ ከታች ደግሞ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለውን የዱር ቡና ያገኛል፤ መንገዱም ወደ ደሎ መና ያወርደዋል። ብድሬ ከዚያም አልፎ በቆላው በኩል ናት። በአንድ ቀን ጉዞ ይህን ያህል ልዩ ልዩ አበባ ስለሚታለፍ የአንዱ ከፍታ ማር የሌላውን አይመስልም። በኦሮምኛ ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ የግራዋ ማር ግን ጠቆር ያለና መራራ ነው። የደኑ ሰው ቀፎውን (በኦሮምኛ ጋጉራ) ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩም የሚቆረጠው ንቡ በጭስ እየተባረረ ስለሆነ ጥቂት የጭስ መዓዛ አብሮ ይወርዳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ጋኑን ራሱን በወይራ የሚያጥን ሕዝብ ጭስን ከጣዕም ሊለየው አይችልም።

አጣጣሉ የታወቀ ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ገደማ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ ከዚያም ጌሾ ይገባበታል። ጌሾ ምሬትን ሰጥቶ የማሩን ጣፋጭነት ይገታል፤ ከቅጠሉ የተገኘው መራራ ንጥረ ነገር በ1995 እ.ኤ.አ. ጌሾይዲን ተብሎ ተሰይሟል። መፍላቱ በቆላ ጥቂት ቀናት፥ በደጋ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሮቤና ጎባ ብርዳቸው የጸና ስለሆነ ችኮላ አይሆንላቸውም። ማሩ ያልፈላበት «ለስላሳ»፥ ፈልቶ ያለቀበት «ደረቅ»፥ በመካከል ያለው «መካከለኛ» ይባላል። ደረቁ ከጥሬ ሥጋና ከክትፎ ጋር ይስማማል፥ ኮምጣጣነቱና ምሬቱ የቅቤውን ስብ ይቈርጣልና፤ በርበሬው የበረታ ዶሮ ወጥ ግን ለስላሳውን ይፈልጋል።

በባሌ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ የማሩ ነገር በጠጅ ብቻ አይታይም። ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ አለ። ብርዝ ጌሾ ስለማይገባበትና ስለማይቈይ የአበባውን ጣዕም ከጠጅ ይልቅ በግልጽ ያሳያል፤ የማርን ዐይነት ለማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። በቅቤ ከታሸው የገብስ ጭኮ ጋር ሲቀርብ ደግሞ ምግቡ ከባድ መጠጡ ቀላል ሆኖ ይመጣጠናል።

ችግሩ ማሩ ከደኑ ከወጣ በኋላ ነው። የአገሪቱ ማር ትልቁ ክፍል ወደ ጠጅ ስለሚሄድ ነጋዴው የልዩ ልዩ ስፍራ ማር በአንድ ዕቃ ይደባልቃል፤ በከተማ ጠጅ ቤት ደግሞ ስኳር የሚጨምር አይጠፋም። የትግራይ ነጭ ማር በስሙ ሲፈለግ፥ የሐረናው ማር ከብዙ ሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ስም ሳይኖረው ይጠጣል። ደኑ የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቀፎ ሰቃዩ ግን የሚከፈለው እስከ ዛሬ በኪሎ ነው፥ በአበባው አይደለም።