ሦስተኛው ዲያቆን

ቅዳሴ በአንድ ቄስ ብቻ አይቀደስም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት ቢያንስ አምስት አገልጋዮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በትልልቅ በዓላት ቁጥሩ ሊበልጥ ይችላል፣ ከአምስት ማነስ ግን አይፈቀድም። ሕዝቡ ግቢውን ቢሞላ፣ ኅብስቱ ከቤተ ልሔም ተዘጋጅቶ ቢቀርብ፣ ቄሶቹ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ቢቆሙ እንኳ አራት ሆነው መጀመር አይችሉም። አምስተኛው እስኪገኝ ይጠበቃል። እኔ በማስቀድስበት አጥቢያ ደግሞ በአብዛኛው የሚጎድለው ቄስ አይደለም፤ ሦስተኛው ዲያቆን ነው።

ውድ አንባብያን፣ በትምህርት ክፍላችን የተለያየ እምነት ተከታዮች ስላለን የማያውቀው ሰው እንዳይቸገር ቃላቱን እየፈታሁ እሄዳለሁ። የሚያውቀው ደግሞ ይታገሰኝ። እኔ ሴት ስለሆንኩ ወደ መቅደስ ገብቼ አላገለግልም፤ ቦታዬ ከሴቶች ጋር ነጠላዬን ተከናንቤ ነው። ታዲያ ምን አገባሽ የሚለኝ ካለ፣ ያገባኛል። ታናሽ ወንድሜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ዲቁና እየተማረ ነው፤ እናታችን ደግሞ በጉዳዩ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠችም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በቤታችን ከአንድ ዓመት በላይ ስናወራበት ቆይተናል።

በመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ሦስቱ ዲያቆናት እኩል አይደሉም። ዋናው ሠራዒ ዲያቆን ይባላል። ከጳውሎስ መልእክታት የዕለቱን ክፍል የሚያነበው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ሲቆርብም ቄሱ ሥጋውን ሲያቀብል እሱ ደሙን በእርፈ መስቀል ያቀብላል። ሁለተኛው ንፍቅ ዲያቆን ሲሆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት ያነባል። ሦስተኛው መብራት ይይዛል፣ ቃጭል ይመታል፣ የጎደለውን ሁሉ ሮጦ ያቀርባል። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ትንሹ ልጅ እሱ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የዲያቆኑን ሥራ በቀላሉ ልንረዳው የምንችል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዲያቆን ማለት የቅዳሴው አስተዋዋቂ ነው። ተነሡ፣ ስገዱ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ እያለ ሕዝቡን ይመራል፤ አሁን ጸሎቱ ለማን እንደሚደረግም ያሳውቃል። እሱ ዝም ካለ ሕዝቡ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እየተደረገ እንደሆነ አያውቅም።

የአገልግሎቱ መነሻ ከቅዳሴም የቀደመ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት ለመበለቶች የሚታደለው ምግብ ላይ ቅሬታ ስለተነሣ ነበር። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን፣ ጥር 1 ቀን ደግሞ በድንጋይ ተወግሮ ማረፉን ታስባለች። ማለትም ዲቁና ሲጀመር ምግብ ማከፋፈል ነበር። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ታዲያ እኔ ቤት ውስጥ ሁሌም ዲያቆን ነኝ ብሎኛል። እንጀራ ለደንበኞች የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እናታችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው የምታሳድገን።

ትምህርቱ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ አለው። ልጁ በፊደል ይጀምራል፤ ሀሁን፣ ከዚያም አቡጊዳን ይለያል። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉንና 150ውን መዝሙረ ዳዊት እያነበበ ይወጣል። ንባብ ሲባል ግን እኛ ጋዜጣ እንደምናነበው አይደለም። ግዕዝ የሚጠብቀውና የሚላላው፣ የሚነሣውና የሚወድቀው ፊደል አለው፤ ልጁ አንዱን ቃል አላልቶ ቢያነብ የኔታ ያቆሙትና እንደገና ያስጀምሩታል። የኔታ ማለት የአብነት መምህር ነው። ማታ ማታ ደግሞ መጽሐፍ ሳይያዝ በቃል የሚጠና አለ፤ ውዳሴ ማርያምና ሌሎች ጸሎቶች። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ግብረ ዲቁና የሚባለው የሚጀመረው፤ የቅዳሴውን የዲያቆን ድርሻ ከነዜማው መማር ማለት ነው። ዜማውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በግዕዝ ዜማ የሚቀደስበት ቀን አለ፣ በዕዝል የሚቀደስበት ቀን አለ። በዚያ ላይ ቅዳሴያቱ ራሳቸው 14 ናቸው። በመጨረሻ ልጁ ሊቀ ጳጳስ ዘንድ ቀርቦ ይፈተናል፣ ካለፈ ይሾማል።

በገጠር ይህ ትምህርት የሚሰጠው ልጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየመንደሩ ስለ እመቤታችን ብሎ ለምኖ እየበላ ነው። የቆሎ ተማሪ የምንለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከምናያቸው ዲያቆናት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር የከተማው ሰው ለረጅም ጊዜ የኖረው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። የከተማ ልጅ ኪቦርድ ይማራል፣ ቴኳንዶ ይማራል፣ ቅዳሴውን ግን የገበሬ ልጅ ይቀድስለታል። ይሁን እንጂ በገጠርም ልጆች ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በብዛት እየገቡ ነው። መግባታቸውም ደግ ነው፤ ማንም ልጅ ተርቦና ውሻ እየነከሰው ብቻ ይማር የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ነገር ግን ከዚያ የሚመጣው ዲያቆን ሲቀንስ ከተማው የራሱን ልጆች ማስተማር አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ላንሣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚላክላት ከግብፅ ነበር። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1951 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት በአገሩ ሁሉ ዲያቆንና ቄስ ለመሾም ሰው አቡኑ ወዳሉበት ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በመጽሐፉ እንደጻፈው፣ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ሲሾሙ አይቷል፤ ከዲያቆናቱም መካከል ገና አፍ ያልፈቱ፣ በሰው ክንድ የታቀፉ ሕፃናት ነበሩ። ነገሩ ስለከነከነው አቡኑን ጠየቃቸው። እሳቸውም እርጅና እንደተጫናቸው፣ እሳቸው ቢሞቱ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ፣ ልጆቹም ሲያድጉ እንደሚማሩ መለሱለት። ከዚያ በፊት አገሪቱ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበርና ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህን የማነሣው ዛሬም አንዳንድ አጥቢያ ቁጥር ለመሙላት ሲል ንባብ ያልጨረሰ ልጅ ለሹመት ሊያቀርብ ሲቸኩል ስለሚታይ ነው። ጳጳሱ በሌለበት ዘመን ጥድፊያው ምክንያት ነበረው፤ አሁን ግን የለውም። ያልተማረ ልጅ ሦስተኛ ሆኖ መብራት ይይዝ ይሆናል፤ አንድ ቀን ንፍቁ ሲቀር መልእክቱን ሲያነብ ይደናቀፋል፣ ሰው ይስቃል፣ ልጁም በዚያው ይቀራል። እንዲህ የቀሩ ሁለት ልጆች ከሰፈራችን አውቃለሁ።

ለመሆኑ የከተማ ልጆች ለምን አይመጡም? ወንድሜንና ጓደኞቹን ጠይቄያለሁ፣ የኔታንም ጠይቄያለሁ። የኔታ ነገሩን በሞባይልና በኳስ ያሳብባሉ። ኳሱ እውነት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ጨዋታ አለ። ግን ልጆቹ የነገሩኝ ሌላ ነው። አንደኛው መቀለጃ መሆን ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ዲያቆን መሆኑ ከታወቀ አባ ይሉታል፣ ትንሽ ካጠፋ ደግሞ ዲያቆን ሆነህ እንዲህ ታደርጋለህ ወይ ይባላል። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። እሑድ የሚቀድስ ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሣት አለበት። ሰሞነኛ ከሆነ፣ ማለት ተራው ደርሶ ሳምንቱን ሙሉ የሚያገለግል ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ አለ። የሚቀድስ ሰው ስለሚቆርብ ቢያንስ 18 ሰዓት መጾም አለበት። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የትምህርት ቀን ከሆነ ነገሩ ይጋጫል።

ትልልቆቹ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ስሌት አላቸው። ዲያቆን በንጽሕና ኖሮ፣ በተክሊል በሥርዓት አግብቶ፣ ከፈለገ ወደ ቅስና የሚሄድ ነው። በ20 ዓመቱ ይህን ሲሰማ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይሸሻል። የሚሸሸው ሁሉ ጥፋተኛ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ማንም በወጉ ስለማያስረዳው ጭምር ነው። ስብከት ላይ ልጆቻችሁን ለአገልግሎት ስጡ ይባላል፣ ዝርዝሩ ግን አይነገርም።

የወላጅ ፍርሃትም አለ። የእናቴ ጥያቄ ሃይማኖት ላይ አይደለም፤ እሷ ራሷ ጾም የማትሽር ሴት ናት። ልጄ በሌሊት ብቻውን ሲሄድ ውሻ ቢነክሰው፣ ሌባ ቢያገኘው ማን ይጠይቅልኛል ነው የምትለው። ሁለተኛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለበት። ሦስተኛውን ጮክ ብላ አትናገረውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ዲያቆናት ኑሯቸው ሲጎሳቆል አይታለች። በአጥቢያው የሚከፈለው ቤት ኪራይ የማይሸፍንላቸው፣ ተዝካር ከተዝካር እየዞሩ የሚበሉ አሉ። ልጇ እንደዚያ እንዲሆን አትፈልግም። ለዚህ ለሦስተኛው እኔም በቂ መልስ አልነበረኝም፤ የምላት ነገር ቢኖር ወንድሜ አገልግሎቱን ከትምህርቱ ጋር ይዞት እንዲሄድ እንጂ እንጀራው እንዲሆን አለመታሰቡን ነው። በዩኒቨርሲቲዎችም በግቢ ጉባኤ እየተማሩ፣ ምህንድስናም ሕክምናም እያጠኑ ዲቁና የተቀበሉ አሉ።

በነገራችን ላይ ችግሩ እዚህ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያለች አክስቴ በስልክ እንደነገረችኝ እነሱ ጋ ዲያቆናቱ ሌሊት ሥራ አድረው በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የሚመጡ ናቸው። እዚያ ለተወለዱት ልጆች ደግሞ ግዕዙ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፈ ቅዳሴ አለ። አማርኛ አጥርቶ የማይናገር ልጅ በግዕዝ ሲቀድስ ሰምታ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። እኔ ግን ከለቅሶው ይልቅ የገረመኝ ዘዴው ነው፤ የልጁን ድርሻ በድምፅ ቀድተው ይሰጡታል፣ መኪና ውስጥ እየሰማ ያጠናል።

በእኛም አጥቢያ ካለፈው ክረምት ወዲህ የተወሰኑ ነገሮች ተሞክረዋል፤ የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ የኔታና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ተነጋግረው ማለት ነው። ትምህርቱ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን ሠርተው ይመጣሉ። የፈተና ወር የሰሞን ተራ አይሰጣቸውም፤ ትልልቆቹ ይሸፍኑላቸዋል። ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ተራ ገብተው ቁርስ ያበላሉ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን 18 ሰዓት የጾመ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከቅዳሴ ወጥቶ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ወደ ቤቱ ሲሄድ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። እኛ ሴቶቹ የገባንበት በዚህ በኩል ነው። መቅደስ ባንገባም ልጁ በልቶ መሄዱን እናረጋግጣለን። ገና ላልተሾሙት ደግሞ ጃንጥላ መያዝና ምንጣፍ ማንጠፍ ይሰጣቸዋል፤ ከግቢው እንዳይርቁ።

የሌሊቱን ጉዞ በተመለከተ በአንድ መንገድ የሚመጡት ልጆች ተጠራርተው በአንድነት ይሄዳሉ፤ ከፊት ከፊታቸው የግቢው ጥበቃ ዘመድ የሆነ አንድ ትልቅ ዲያቆን አለ። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ አንድ እሑድ ሌሊት ሳትነግረን ተነሥታ እስከ አስፋልቱ ድረስ በርቀት ተከተለቻቸው። ስትመለስ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የወንድሜን ነጠላ አጥባ ሰቀለችው።

አሁን ወንድሜ ዳዊቱን ጨርሷል፤ የሦስተኛውን ዲያቆን ድርሻ እያጠና ነው። ቀስ ብሎ የሚያዜመው እኔ ማስታወሻ ስጽፍ ስለሆነ እኔም ግማሹን ሳልፈልግ ሸምድጄዋለሁ። እናታችን የወሰነችው ይህን ነው፤ ፈተናው ሰኔ ላይ ካለፈ በኋላ፣ የኔታ በቅቷል ካሉ፣ ለሹመት ይቅረብ። ካልበቃ ደግሞ ሌላ ዓመት ይማር። የኔታም በዚህ ተስማምተዋል፤ ለማንም ልጅ እንዲህ ነው የምፈልገው ብለዋታል። ወንድሜ ብቻ ነው የተቆጣው።