ያውቁ ኖሯል? ስለ አስም፣ ስለ ማድ ቤት ጭስና ስለ ፓፍ

ሲጋራ ይዛ የማታውቅ እናት «የአጫሾች በሽታ» በሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም (ሲኦፒዲ) ልትያዝ እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? በበለጸጉት አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲኦፒዲ የትምባሆ ውጤት ነው። አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሲሆን፣ የማገዶና የኩበት ጭስ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ስትጋግር የምትስበው ጭስ የአየር ቧንቧዋን ዓመት ከዓመት ያስቆጣዋል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ የጠበበውም ወደ ድሮው አይመለስም። ያዘለችው ሕፃንም ያንኑ ይስባል። «ብርድ ነው» የምትለው ሳል ለወራት ካልለቀቃት፣ ትንሽ ዳገት የሚያስለከልካት ከሆነ፣ እባክዎ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።

ሲኦፒዲ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሏል። በዚያ ዓመት በገዳይነቱ አራተኛ ነበር።

የአስም ፓፍ ሐሳብ ከአንዲት የ13 ዓመት ልጅ እንደመጣ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1955 አስም የያዛት አሜሪካዊት ልጅ የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ለሆነው አባቷ፣ መድኃኒቷ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ ተጭነው የሚረጩት እንደማይሆን ጠየቀችው። በዓመቱ ፓፉ ገበያ ላይ ዋለ።

«ፓፍ ከጀመርክ አትላቀቀውም፤ ኪኒን ይሻላል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ሳልቡታሞል በተባለው የአስም መድኃኒት አንድ ባለ 4 ሚሊግራም ኪኒን የያዘው መድኃኒት 40 ጊዜ ፓፍ ከመሳብ ጋር እኩል እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ኪኒኑ በደም አድርጎ መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ፓፉ ግን በጥቂት መጠን በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሱስም አያስይዝም። በዚህ ወሬ የተነሳ ፓፉን ደብቀው የሚያስቀምጡ ወጣቶች መኖራቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ቁጣ አያበርድም። ያንን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታሶን። የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ የስቴሮይዱን ፓፍ ማቋረጥ የሚቀጥለውን ሕመም መጋበዝ ነው። ከሳቡት በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ካልሆነ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ የሕክምና ዕቃ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? ትንንሽ ልጆች ፓፉ ሲጫን አብረው መሳብ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በፓፉና በአፋቸው መካከል መድኃኒቱን የሚያቆይ ስፔሰር ያስፈልጋል። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር ከሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ለሕፃናት ከሚሸጠው ያልተናነሰ ሆኖ አግኝተውታል። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ ይሰካል፣ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ይደፈናል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። አሠራሩን ነርስ ወይም ፋርማሲስት ቢያሳይዎት ይመረጣል።

ቡና የአየር ቧንቧን በጥቂቱ ይከፍታል። በውስጡ ያለው ካፌይን ለአስም ሲታዘዝ ለኖረው መድኃኒት ለቴዎፊሊን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ውጤቱ እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ የሳንባ ምርመራ የሚጠብቅ ሰው ቡና እንዳይጠጣ የሚነገረውም ለዚህ ነው። የመድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም። ቡና ሲያፈሉም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉት፤ ዕጣኑም ይቅር።

በሲድኒ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር ደራርቱ ቱሉና ጌጤ ዋሚ ወርቅና ብር ሲወስዱ አራተኛ የወጣችው ፓውላ ራድክሊፍ አስም እንዳለባት ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2:15:25 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች።

ሲኦፒዲ ያለበት ሰውም ቁጭ ማለቱ አይበጀውም። በሐኪም ምክር በየቀኑ መራመድ የትንፋሽ ማጠሩን ያቀልለታል። ትንፋሽ ሲያጥረው በአፍንጫው ስቦ፣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣቱ ይረዳዋል።

ከቲቢ የዳነ ሳንባ ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። ቲቢው ጠፍቶም ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ሕመሞችን የሚያክሙ የሳንባ ሐኪሞችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በልዩ ሙያ የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

አስም የተነሳበት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጊዜ የለም። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ሳልቡታሞሉን በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ጊዜ ይስጡት፤ መኪና ይጥሩ። ሆስፒታል እስክትደርሱ በየ20 ደቂቃው ይድገሙለት።