ፍሪጅ ያስቀመጥነው ዳቦ ለምን ይጠነክራል?

ቅዳሜ ማታ ቤት የጋገራችሁት ትንንሽ ክብ ዳቦ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነበር። እንዳይበላሽ ብላችሁ ፍሪጅ አስገባችሁት። እሁድ ጠዋት ስታወጡት ግን ጭራሽ ጠንክሯል። ፌስታል ውስጥ በደንብ ታስሮ ነበር እኮ! ታዲያ ውሃው የት ሄደ?

የትም አልሄደም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 ዳቦ ውሃው እንዳይተን ተደርጎ ቢታሸግም እንደሚጠነክር፣ መልሶ ሲሞቅ ደግሞ እንደሚለሰልስ አሳይቷል። ነገሩ ያለው ስታርቹ ላይ ነው። ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ ሰንሰለቶቹም ይላላሉ። ሲቀዘቅዝ ግን ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው እየተደረደሩ ጠጣር ክሪስታል ይሠራሉ። ይህ ሥራ በጣም የሚፈጥነው ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው!

ስለዚህ ዳቦው ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከመነሻው ስታርቹ ብዙ ውሃ እንዲይዝ ማድረግ አለባችሁ። እስያ ውስጥ የተለመደ ቀላል ዘዴ አለ። ከ500 ግራም የፉርኖ ዱቄት ላይ 25 ግራሙን ብቻ በ125 ሚሊ ሊትር ወተት በጥብጡና በመጠነኛ እሳት እያማሰላችሁ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አብስሉት። 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስታርቹ ወተቱን መጥጦ ይይዘዋል። ያንኑ ወተት እንዲሁ ብትጨምሩት ኖሮ ሊጡ እጃችሁ ላይ ይጣበቅ ነበር።

አጥሚቱ ሲበርድ ቀሪውን ዱቄት፣ 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 50 ግራም ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አቡኩት። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል። ጣታችሁን ካቃጠለ እርሾውንም ያቃጥላል። 50 ግራም ለጋ ቅቤ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ፕሮቲኖቹን ሸፍኖ እንዳይያያዙ ያስቸግራል።

ፕሮቲኖቹ እነማን ናቸው? ግሊያዲንና ግሉተኒን። ውሃ ሲነካቸው ተያይዘው ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። እርሾው ስኳር እየበላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ መረብ ውስጥ ይታፈናል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል። (ጤፍ ግሉተን የለውም። ዓይናማ እንጀራ ይወጣዋል እንጂ እንዲህ ያለ ዳቦ አይሆንም።) መረቡ የሚጠነክረው በማሸት ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ አብዛኛው ሰው ማሸት የሚያቆመው ሊጡ ስለደረሰ ሳይሆን እጁ ስለደከመው ነው! ከሊጡ ቆንጥራችሁ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ፣ ደርሷል።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚጫናት ነገር ስላነሰ እያንዳንዷ የጋዝ አረፋ የበለጠ ትነፋለች። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት አሠራር «1 ሰዓት ይረፍ» ስላለ ብቻ ከጠበቃችሁ መረቡ ከአቅሙ በላይ ተወጥሮ ምድጃ ውስጥ ሙሽሽ ሊል ይችላል። ቤቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ እርሾው ይሰንፋል። ስለዚህ ሰዓት አትዩ፣ ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል።

ከዚያ 12 ቦታ አድቦልቡላችሁ ትሪ ላይ አጠጋግታችሁ ደርድሩት፤ ጎን ለጎን ሲነካካ ጎኑ ቅርፊት አያወጣም። አንዴ ደግሞ ኩፍ ሲል በ180 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጋግሩት። እንደወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ የራሱ እንፋሎት ላዩን ያለሰልሰዋል።

የተረፈውን አንድ ሁለት ቀን ካልሆነ ውጭ አሳድሩት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር አስገቡት፤ እዚያ ሰንሰለቶቹ ከመደርደር ይቆማሉ ማለት ይቻላል። የእሁዱን ጠንካራ ዳቦ ደግሞ አትጣሉት። ጥቂት ውሃ እፍ ብላችሁበት መጥበሻ ላይ ከድናችሁ አሙቁት። ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ክሪስታሉ ይፈታል፣ ዳቦው ይለሰልሳል። ትኩሱን ብሉት ታዲያ፤ ከበረደ መልሶ ይጠነክራል።