ከፊቱ ፕሮግራም፣ ከኋላው ዚፕ

በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ብቻውን አይሄድም። ኮዱን አንብቦ የሚያስፈጽመው ኢንተርፕሪተር ይፈልጋል፤ ጸሐፊው የተገለገለባቸው ላይብረሪዎችም አብረው መገኘት አለባቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሰጠ ሰው፣ «መጀመሪያ ይህን ጫን፣ ከዚያ ያኛውን» የሚል ማብራሪያም ጨምሮ መስጠት ይኖርበታል። ማብራሪያውን የሚያነበው ስንቱ ነው? ሁሉን በአንድ ፋይል የማሸግ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ብልሃቱ በዚፕ ፋይል አሠራር ቢታይ ይቀላል። ዚፕ የይዘቱን ማውጫ የሚያስቀምጠው መጨረሻው ላይ ነው። የሚከፍተው ፕሮግራም ማውጫውን ከጅራቱ ተነሥቶ ስለሚፈልግ ከፊት ምን እንደተለጠፈ ግድ አይሰጠውም። ዊንዶውስ ደግሞ የሚያስኬደውን ፋይል ማንነት የሚለየው ከመነሻው ነው። ሁለቱን ብትቀጥሏቸው አንዱ ፋይል ከፊት ሲያዩት ፕሮግራም፣ ከኋላ ሲያዩት ዚፕ ይሆናል።

የቲክል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰዎች በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ «ስታርፓክ» ብለው ተመሳሳይ ነገር ሠርተው ነበር። የእነሱ ማከማቻ ዚፕ ሳይሆን ሜታኪት የተባለ ትንሽ ዳታቤዝ ነው። በውስጡ ያለው ኮድ ግን ተራ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ፓይተን ከዚፕ ውስጥ ሞጁል መጥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 2.3 እትሙ ነው። በ2015 ከ3.5 እትም ጋር የመጣው ዚፕአፕ የተባለ መሣሪያ ኮዱን በአንድ ፋይል ያሽጋል፤ ኢንተርፕሪተሩን ግን አይጨምርም፣ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ መኖር አለበት። ኢንተርፕሪተሩንም ጭምር የሚያሽገው ፓይኢንስቶለር የተባለው መሣሪያ ነው።

ፓይኢንስቶለር በአንድ ፋይል ያሸገው ፕሮግራም ሲነሣ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘቱን ይዘረግፋል፣ ከዚያ ይሠራል፣ ሲዘጋ ያጠፋዋል። እንዲህ የሚለፋው በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች ስላሉበት ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እነዚህን የሚጭነው ዲስክ ላይ ካለ እውነተኛ ፋይል ነው። በዚህም ምክንያት ትልቅ ፕሮግራም ለመነሣት ይዘገያል። አንዳንድ ጸረ-ቫይረስም ራሱን የሚዘረግፍ ፋይል ሲያይ ይጠረጥራል፤ ቫይረሶችም ይህንኑ ስለሚያደርጉ አይፈረድበትም። ለከባድ ሥራ እኔ ፓይኢንስቶለር ሁሉን በአንድ ፎልደር የሚያስቀምጥበትን አማራጭ እመርጣለሁ፤ አንድ ፋይል ባይሆንም ቶሎ ይነሣል።

ምስጢር ይጠብቅልኛል ብሎ የሚያሽግ ካለ ይተወው፤ ኮዱን ከውስጥ ማውጣት ከባድ አይደለም። የዊንዶውሱም በዊንዶውስ፣ የሊኑክሱም በሊኑክስ ላይ ለየብቻ መታሸግ አለበት።