ሁለት ወንድ እስስቶች በአንድ ሳጥን

በአማርኛችን «እስስት» ስንል አቋም የሌለውን ሰው ማለታችን ነው። እንስሳው ግን ቀለሙን የሚለዋውጠው በአብዛኛው ለመነጋገር ነው። የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ የትውልድ አገሩ የሆነው፣ አናቱ እንደ ቆብ የቆመ ዝርያ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በየቤቱ በሽቦ ሳጥን ይረባል። ሁለት ወንዶች ሲተያዩ ጎናቸውን ጠፍጥፈው ይደምቃሉ፤ ይናከሳሉም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ራሱ ፈጥኖና ይበልጥ የሚደምቀው ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። የተሸነፈው ይጠቁራል። በዱር ቢሆን ይሸሽ ነበር፤ በሳጥን ውስጥ ወዴት ይሂድ?

ይህንን እንደ ጨዋታ የሚያዩ አሉ። እንስሳትን ማዋጋት የሚከለክለውን ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ዑለሞች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም፣ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩት በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ወንድ የራሱ ቤት፣ በመካከላቸውም መጋረጃ ያስፈልጋል፤ መተያየቱ ብቻ ያስጨንቃቸዋልና። ሴቷ ጠቁራ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ካወጣች እንቁላል ይዛለችና ወንድ አይቅረባት። የምትቆፍረው እርጥብ አሸዋ ይዘጋጅላት። በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ለሚፈለፈሉት ሁሉ አሳዳጊ ያላገኘ ሰው ባያገናኛቸው ይሻላል።